ሰባራው ድልድይና የብረቱ ጥገና

አንባቢ ሆይ! ከደነባ ደጋ ላይ የሚወርደው የክረምት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀህ ታውቃለህን? ወደ ጀማ ገደል ይወርዳል፤ ጀማም ከዓባይ ይጋጠማል። የዚያ አገር ሰው፥ ወንዝ ሲሞላ ዘመዱና ገበያው ማዶ ሆነው እያያቸው እንደማይደርስባቸው አሳምሮ ያውቃል። ታሪካችን ግን ከዚያ ወደ ላይ፥ ዓባይ ጎጃምን ከበጌምድር በሚለይበት፥ በሞጣና በአንዳቤት መካከል ስላለው ሰባራ ድልድይ ነው።

ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፥ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፥ ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ አንዱ ቅስት ፈረሰ። ሰባራ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ መንገደኛ የሚሻገረው በገመድ ነበረ። ጎበዞች በግራና በቀኝ ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪውም ገመዱን ታጥቆ በባዶው አየር ላይ ይጎተታል። ከበታቹ ዓባይ ነው! ገበያተኛም ሆነ በሽተኛ ዕድሉ ይኸው ነበረ።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ አይቶት ልቡ ተነካ፤ በ2001 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የድልድይ ሥራ ማኅበር አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱ ላይ የብረት ድልድይ ተጋደመ።

እንዲህ ያለውን አሠራር መሐንዲሶች «ትራስ» ይሉታል፤ የራስጌው ትራስ እንዳይመስልህ። ምስጢሩ ሦስት ማዕዘን ነው። አራት እንጨት በየጫፉ በአንዳንድ ምስማር አያይዘህ ብትገፋው ይንጋደዳል። ሦስቱን ግን እንዲሁ ብታያይዝ፥ እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ምስማሩ ካልተነቀለ በቀር ቅርጹ አይለወጥም። ስለዚህ ቀጫጭን ብረቶች በሦስት ማዕዘን ተያይዘው፥ አንዱ ሲሳብ ሌላው ሲጨመቅ፥ ከባድ ሸክም ይችላሉ። ደግሞም ብረቱ ተቆራርጦ የሚመጣ ስለሆነ፥ መኪና በማይገባበት ስፍራ ተሸክሞ ወስዶ በብሎን መግጠም ይቻላል። ለእኛ አገር ገደል ከዚህ የተሻለ ብልሃት ማግኘት ያስቸግራል።

ዓባይ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። በ2005 ክረምት ጎርፉ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ልብ በል፤ የጣለው የመንገደኛ ክብደት አልነበረም። ብረቱ የተጋደመው በአሮጌው ግንብ ላይ ስለሆነ፥ ወንዙ ሲያብጥ ውሃው ደረሰበት። ሦስት ማዕዘን ከላይ የሚመጣውን ሸክም ይችላል እንጂ፥ ከጎን ግንድና ድንጋይ እየገፋ የሚመጣውን ዓባይ እንዲያቆም የተሠራ አይደለም።

በ2009 የተሠራው የእግረኛ ድልድይ በሌላ ዘዴ ነው፦ በወፍራም የብረት ገመድ ከዳር እስከ ዳር የተንጠለጠለ፥ በወንዙ መካከል አንድም ምሰሶ ያልቆመለት።