ከክፍሉ ኋላ ወደ ሰሌዳው ፊት፦ የታይላንድ መምህራን አሠለጣጠን

በታይላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ለመሆን የሚፈልግ ወጣት አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ይማራል። ከዚህ ጊዜ ውስጥ በድምሩ አንድ ዓመት የሚሆነውን ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ያሳልፋል። ሲመረቅ የሙያ ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ በውድድር ይቀጠራል፤ ተቀጥሮም ገና ሁለት ዓመት ረዳት መምህር እየተባለ ይገመገማል። ሥርዓቱ ይህን መልክ የያዘው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ኖሮ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለት ጥያቄዎች ከሥሩ አልጠፉም፦ መምህር የሚወጣው ከንግግር አዳራሽ ነው ወይስ ከክፍል? የሠለጠነውስ የት ሄዶ ያስተምራል?

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በፊት ሲያም ትባል በነበረችው በዚህች አገር ማስተማር የመነኮሳት ሥራ ነበር። ወንዶች ልጆች ዋት ወደሚባሉት የቡድሂስት ገዳማት ይላካሉ፤ መነኮሳቱን እያገለገሉ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ጸሎትና ግብረ ገብ ይማራሉ። ሴቶች ልጆች ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ከ1868 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. የነገሡት ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በምዕራብ በእንግሊዝ፣ በምሥራቅ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች መካከል ተይዘው አገራቸውን ነፃ ለማቆየት ሲጥሩ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ካርታ የሚያነብ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ አስፈለጋቸው። በ1871 በቤተ መንግሥት ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1884 ደግሞ በባንኮክ ዋት ማሃንኖፋራም በተባለው ገዳም ለተራው ሕዝብ ልጆች የሚሆን ተቋቋመ። ቦታው ከገዳማቱ ተገኘ፤ አዲሱን ዓይነት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በጥቅምት 12 ቀን 1892 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ግቢ ተከፈተ። ግሪንድሮድ የሚባሉ እንግሊዛዊ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪዎቹም ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ፣ በኋላ ፍራያ ሱሪንትራቻ የተባሉት ሰው፣ በብዕር ስም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ ታይ ቋንቋ በመተርጎም ፈር ቀዳጅ ሆኑ፤ በአገር አስተዳደርም ከፍ ያለ ሹመት አገኙ። ሌላው፣ ቡንሮድ ስሬስታቡት፣ ጥቂት ካስተማሩ በኋላ ወደ ንግድ ገብተው ኋላ ላይ በስማቸው የሚጠራውን የቢራ ፋብሪካ መሠረቱ። ለሰዎቹ መልካም ዕድል ነው፤ ለትምህርት ቤቶቹ ግን የሠለጠነ ሰው ሁሉ በክፍል እንደማይቀር ገና ከጅምሩ የታየበት አጋጣሚ ነበር። በ1921 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሕግ ግዴታ ሲሆን የመምህር ፍላጎቱ በየአውራጃው ናረ፤ የገጠሩም ክፍል ለብዙ ዓመታት ጥቂት ክፍሎችን ብቻ በተማሩ ሰዎች እየተሸፈነ ቆየ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በባንኮክ ፕራሳንሚት በሚባለው ሰፈር በ1949 የተከፈተው ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ በ1954 የትምህርት ኮሌጅ ተብሎ በመምህርነት የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የመምህራን ማሠልጠኛ መምሪያ ተቋቋመ። ማስተማር በዲግሪ የሚማሩት ሙያ ሆነ ማለት ነው፤ ለሙያው ክብር ይህን ያህል የሠራ ሌላ ውሳኔ ማግኘት ያስቸግራል።

ከኮሌጁ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ሳሮት ቡአስሪ ናቸው። በአሜሪካ ኦሃዮ የተማሩ፣ ተማሪው ራሱ ችግር እየፈታ ይማር የሚለውን የአሜሪካዊውን ፈላስፋ የጆን ዱዊን አስተሳሰብ የወደዱ ሰው ነበሩ። አስተሳሰቡን ግን እንዳለ አምጥተው አልተከሉትም። የቡድሂዝምን አራቱን ክቡር እውነታዎች ወስደው የማስተማሪያ ደረጃዎች አደረጓቸው። ሥቃይን ማወቅ የሚለው፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ ሆነ። የሥቃይን መነሻ መፈለግ፣ ለችግሩ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን መገመት ሆነ። የሥቃይ መቆም፣ ግምቱን በሙከራ መፈተሽና መረጃ መሰብሰብ፤ መንገዱ ደግሞ የተገኘውን መርምሮ መደምደም። ዕጩ መምህሩ ከልጅነቱ በገዳም የሰማውን ትምህርት በሳይንስ ክፍል ሊጠቀምበት ቻለ። ከውጭ የመጣ ዘዴ በአገር ሥር እንዴት እንደሚይዝ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ጥቂት ነው።

ኮሌጁ ቅርንጫፎችን በክፍለ ሀገር አወጣ። የመጀመሪያው በ1955 በባሕር ዳርቻዋ ባንግ ሴን የተከፈተው ሲሆን ዛሬ ቡራፋ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የፊትሳኑሎክ፣ የማሃ ሳራካምና የሶንግክላ ቅርንጫፎችም ተራ በተራ ራሳቸውን የቻሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኑ። ዋናው ግቢ በ1974 ስሪናካሪንዊሮት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከእነዚህ ጎን ለጎን በየክልሉ የነበሩት የመምህራን ኮሌጆች በ1992 ከንጉሥ ፉሚፎን ራጃባት የሚለውን ስም ተቀበሉ፤ በ2004 ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደጉ። ዛሬ 38 ናቸው። የብዙው የታይላንድ ገጠር መምህር የሚወጣው ባንኮክ ካለው ከቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከእነዚህ ነው። ዕድገቱ ግን ያስከፈለው ዋጋ አለ፦ ቀድሞ ግቢው በሙሉ ለመምህርነት የቆመ ነበር፤ አሁን የትምህርት ፋኩልቲው ከንግድ ሥራ፣ ከኮምፒውተርና ከሌሎች ፋኩልቲዎች ጋር የሚሻማ አንድ ክፍል ሆኗል።

የሥልጠናው ይዘት በሙያው ምክር ቤት መመዘኛ የተቃኘ ነው። ኩሩሳፋ የሚባለው የመምህራን ምክር ቤት በ1945 በወጣው የመምህራን ሕግ ተቋቋመ፤ ሕጉ የታወጀበት ጥር 16 ቀን እ.ኤ.አ. እስካሁን የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል። በ2003 የወጣው ሕግ ደግሞ ያለ ሙያ ፈቃድ ማስተማርን ከለከለ። ምክር ቤቱ ከመምህሩ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዕውቀትና ልምድ፣ የሥራ ብቃት፣ ሥነ ምግባር። በዚህ መሠረት ዕጩው የሕፃናትና የወጣቶች ሥነ ልቦና፣ የሥርዓተ ትምህርት አዘገጃጀት፣ ምዘና፣ የትምህርት ቴክኖሎጂና የሙያ ሥነ ምግባር ይማራል፤ ከዚህ ጋር ሒሳብ፣ ታይ ቋንቋ፣ ሳይንስ ወይም የአፀደ ሕፃናት ትምህርት የመሰለ አንድ ዋና የትምህርት ዓይነት ይይዛል። በብዙ ፋኩልቲዎች የስካውት መሪነት ሥልጠናም አለ፤ ስካውት በታይላንድ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ስላለው አዲሱ መምህር ድንኳን መትከልና ገመድ ማሰር ማወቅ ይጠበቅበታል።

የሥልጠናው ርዝመት ብዙ አከራክሯል። በ2004 ከአራት ዓመት ወደ አምስት ከፍ አለ፤ አምስተኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ የተግባር ልምምድ ነበር። በ2019 ተመልሶ አራት ሆነ። አምስት ዓመት የሚሉት ያልተቆራረጠ አንድ ዓመት በክፍል መቆም ምትክ የለውም ይላሉ። አራት ዓመት የሚሉት ደግሞ ተጨማሪው ዓመት ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ወጪ መሆኑን ያነሣሉ፤ ልምምዱም ወደ መጨረሻ ከሚከማች ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ቢከፋፈል ይሻላል ባዮች ናቸው። የሁለተኛው ሐሳብ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ልጆች ፊት መቆም የማይሆንለት ሰው ይህን በአራተኛው ዓመት ከሚያውቀው በመጀመሪያው ቢያውቀው ለሁሉም ይበጃል።

በአዲሱ አሠራር ተማሪው መጀመሪያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ያስተውላል፤ ልጆቹ መቼ እንደሚያዳምጡ፣ መቼ እንደሚሰለቹ ይመዘግባል። ቀጥሎ መምህሩን ያግዛል፣ ደብተር ያርማል፣ ጥቂት ልጆችን ለብቻ ያስጠናል። በመጨረሻው ዓመት ክፍሉን ይረከባል። ጠዋት ከተረኛ መምህራን ጋር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሕፃናቱን ይቀበላል፤ እነሱም እጃቸውን አገናኝተው አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ይሰጡታል። በስምንት ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙርና ጸሎት ይደረሳል። በምሳ ሰዓት ታናናሾቹን ያሰልፋል፣ ከበሉም በኋላ ጥርሳቸውን መቦረሻቸውን ይከታተላል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ዓላማውን፣ የሚጠቀምበትን መሣሪያና የምዘናውን መንገድ የያዘ የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ ያቀርባል። ሁለት ሰዎች ይከታተሉታል፦ በየቀኑ አብሮት የሚውለው የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህርና አልፎ አልፎ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪ። ከሁለቱ የሚበልጠው የአማካሪው ተጽዕኖ ነው፤ ጎበዝ አማካሪ የደረሰው ዕጩ ዕድለኛ ነው፣ ሥራውን ሁሉ ጥሎበት የሚሄድ የደረሰው ግን ራሱን በራሱ ለማሠልጠን ይገደዳል።

ከልምምዱ ጋር አንድ አነስተኛ የክፍል ጥናት መሥራት የተለመደ ነው። ማንበብ ያቃታቸውን ጥቂት ልጆች መርጦ፣ አንድ ዘዴ ሞክሮ፣ ከሙከራው በፊትና በኋላ ያለውን ውጤት አነጻጽሮ ይጽፋል። የተማሪዎችን ቤት መጎብኘትም ከሥራው ይቆጠራል። በየዓመቱ መምህራን በሞተር ብስክሌትም በእግርም ወደ ልጆቹ ቤት ይሄዳሉ፤ ከወላጅ ወይም ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥመው ከአያት ጋር ይነጋገራሉ። የቤት ሥራ የማይሠራ ልጅ መብራት በሌለበት ቤት እንደሚኖር የሚታወቀው እንዲህ ነው።

መምህር በታይላንድ ያለውን ቦታ የሚያሳየው ዋይ ክሩ የተባለው የመምህራን ማክበሪያ ሥነ ሥርዓት ነው። የትምህርት ዘመኑ በተጀመረ ሰሞን፣ ብዙ ጊዜ ሐሙስ ቀን፣ ተማሪዎች የተሠራ የአበባ ጉንጉን ይዘው ተንበርክከው ለመምህራኖቻቸው ይሰግዳሉ። ጉንጉኑ ውስጥ አራት ነገሮች ይገባሉ። ሰርዶ ቢረግጡትም መልሶ ስለሚያድግ የትዕግሥት ምልክት ነው፤ ቡቃያዋ እንደ መርፌ የሾለ ቀይ አበባ የአእምሮ ስለት ናት፤ ወደ ምድር የምታጎነብሰው የደበርጃን አበባ ትሕትና፤ በሙቀት የፈካ ሩዝ ደግሞ ሥርዓት መያዝ። የመምህርነት ተማሪ ሥነ ሥርዓቱን ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል፤ በዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ ይሰግዳል፣ በልምምድ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ይሰገድለታል። ይህ ክብር የሙያው ሀብት ነው፤ ሆኖም ልጁ መምህሩን እንዳይጠይቅና እንዳይሞግት የሚያደርግበት ጊዜም አለ።

ይህን ያለመጠየቅ ልማድ ለመቀየር ከተሠሩት ሥራዎች በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ጎልቶ ይታያል። በጃፓን የተማሩት የሒሳብ ትምህርት ምሁር ማይትሪ ኢንፕራሲታ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጃፓን መምህራን የሚጠቀሙበትን የጋራ የትምህርት ጥናት ለዕጩ መምህራን አስተዋወቁ። ሦስት አራት ሰዎች አንዱን ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ነው። ዘጠኝና አራት ስንት እንደሚሆን የተጠየቁ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት መልሱን ብቻ ሳይሆን ያገኙበትን መንገድ ያሳያሉ። አንዱ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሌላዋ ከአራቱ አንድ ወስዳ ዘጠኙን አሥር ትሞላለች። መምህሩ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ያሰፍርና ልጆቹ እንዲያነጻጽሩ ይተዋል። ከክፍል በኋላ ቡድኑ ተቀምጦ የትኛው ልጅ ምን አሰበ የሚለውን ይመረምራል። አገሪቱ ፒዛ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና በ2022 በሒሳብ 394 ነጥብ ማግኘቷን፣ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አገሮች አማካይ 472 እንደነበረ ለሚያስታውስ፣ እንዲህ ያለው ሥልጠና እንዲስፋፋ መመኘት ተገቢ ነው።

ተመራቂው የፈቃድ ፈተናውን ሲያልፍ በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ያገኛል። በመንግሥት ሥራ ለመግባት ግን ሌላ የውድድር ፈተና አለ፤ ለሙያው የሚወዳደረው ሰው ከክፍት ቦታው እጅግ ይበልጣል። የተቀጠረው በሁለቱ የረዳትነት ዓመታት በኮሚቴ ይገመገማል። በዚህ ጊዜ ከማስተማር ውጭ ያለው ሸክም ይጀምራል፦ ሪፖርት፣ የሒሳብ ሰነድ፣ የምሳ ፕሮግራም ግዢ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ትምህርት ቤት የመጠበቅ ግዴታም ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ በተረኝነት ላይ የነበረች መምህርት ከተደበደበች በኋላ መንግሥት ግዴታውን ሻረው።

ይህን ያህል ተመራቂ እያለ የተራራና የድንበር ትምህርት ቤቶች መምህር ያጥራቸዋል። ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ተማሪያቸው ከ120 አይበልጥም፤ ምደባ በተማሪ ቁጥር ስለሚሠራ አንድ መምህር ሁለት ሦስት ክፍል ደርቦ ማስተማሩ የተለመደ ነው። ከከተማ የተመደበውም ዝውውር የሚጠይቅበትን ቀን ይቆጥራል። ሩቅ በሆኑት ድንበሮች ከ1956 ጀምሮ የድንበር ጠባቂ ፖሊሶች ራሳቸው ትምህርት ቤት ከፍተው ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ለዚህ ችግር በቀጥታ የተዘጋጀው ክሩ ራክ ቲን የተባለው ፕሮግራም ነው፤ የትምህርት ፍትሐዊነት ፈንድ በ2020 ጀመረው። ከሩቅ መንደሮች ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ይመረጣሉ፤ መራጮቹ ቤታቸው ድረስ ሄደው ኑሯቸውንና ለማስተማር ያላቸውን ፍላጎት ያያሉ። በየዙሩ ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶች ሙሉ ወጪያቸው ተሸፍኖላቸው በአፀደ ሕፃናት ወይም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይሠለጥናሉ። ክፍት የሚሆነው የመንደራቸው ቦታ ከመጀመሪያው ይያዝላቸዋል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የሚያሠለጥነው ለአንድ ለታወቀ ትምህርት ቤት ነው። ሥልጠናውም ክፍል ደርቦ ማስተማርን፣ ከመንደሩ ነዋሪ ጋር መሥራትን ይጨምራል፤ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ታይ ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድም ያስተምራቸዋል። ተመራቂዎቹ በመንደራቸው ስድስት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ በ2024 ሥራ ጀምረዋል፤ ያሠለጠኗቸው ዩኒቨርሲቲዎችም በየትምህርት ቤቱ እየሄዱ ይከታተሏቸዋል።