ልጓሙን እይ፣ ግላሱን ተው

ጥር 23፣ በፈረሰኞች በዓል ቀን፣ እንጅባራ ሜዳ ዳር ለሚቆም ሰው ዓይን የሚስበው ግላሱና መጣብሩ ነው። ካሜራውም የሚከተለው ያንኑ ነው። ከጎህ ጀምረን ፈረስ የምንጭን ግን ሌላ ነገር ነው የምናየው። ጠጋ በልና ልንገርህ፤ ጮክ ብዬ ብናገረው የሚከፋው ሰው ብዙ ነው። ጎበዝ ከሚባለው ጋላቢ ፈረስ አፍ ውስጥ የምታገኘው ልጓም፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የለዘበው ነው።

ጀማሪው ተቃራኒውን ያስባል። ፈረሱ አልያዝ ሲለው ዳንግላ ገበያ ሄዶ የባሰውን ልጓም ይገዛል። የቆየውን የአገራችንን ልጓም መቼም ታውቀዋለህ፤ የታች መንጋጋን የሚዞር የብረት ቀለበት አለው፣ ምላስ ላይ የሚተኛው ብረት ደግሞ መሀሉ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ዛቡን ስትስብ ቀለበቱ አገጩን ይጨብጣል፣ ቀና ያለው ብረት ላንቃውን ይጫነዋል። ልዝብ እጅ ለያዘው ሰው ጣት ማንቀሳቀስ ይበቃዋል። ነዝናዛ እጅ ሲይዘው ግን ፈረሱ ሕመሙን ሽሽት አንገቱን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ መሬቱን ማየት ይተዋል፤ ሲብስበት ይፈረጥጣል። ባለቤቱም "ደንዳና ነው" ብሎ ስሙን ያጠፋዋል። የደነደነው እኮ የሰውየው እጅ ነው!

ነገሩ ጉግስ ላይ ይለያል። ቀኝ እጅህ ዘንግ ይዟል፣ ግራህ ጋሻውንም ዛቡንም ደርቦ ይዟል። አሳዳጅህ ጀርባህ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ዛብ ልጎትት ብትል ጋሻህ ከቦታው ይነሣል፣ ዘንጉም አያልፍህም። ስለዚህ ነባሩ ሰው ፈረሱን የሚያዞረው በቁርጭምጭሚቱና በወገቡ ነው፤ ልጓሙ የሚያስፈልገው ለሹክሹክታ ያህል ነው። አዲስ አበባ ያለ የእህቴ ልጅ ፓድል ስለሚባል ጨዋታ ሲያወራኝ ሳቄ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የተጀመረ፣ ጅማት በሌለው ራኬት የሚጫወቱት ነው። ብዙ የቆዩበት ተጫዋቾች ኃይለኛውን ትተው ክቡን ራኬት ይመርጣሉ አለኝ፤ ምቱ ቢለዝብም ኳሱ የት እንደሚያርፍ ያውቁታል። ይኼንን እኮ የእኛ ሽማግሌዎች ያለ ራኬት ጨርሰውታል።

እንግዲህ ስትገዛ እንዲህ አድርግ። የጋቢህን ጫፍ ይዘህ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አሻሸው፤ ክር ከያዘ ምላስም ይይዛል፣ መልስለት። ነጋዴው ቢስቅብህ ይሳቅ። ቀጥሎ ስፋቱን እይ፤ የጠበበ የከንፈሩን ጠርዝ ይቆነጥጣል፣ የሰፋ ደግሞ ስትስበው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ብረቱ ማረፍ ያለበት ከፊት ጥርስና ከመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። ዛቡን አጥፈህ ግራና ቀኙን አስተያይ፤ አንዱ ጣት ያህል ካጠረ ፈረስህ ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ያዘነብላል፣ አንተም አመል አወጣ ትላለህ። ስለ ኮርቻው ብዙ አልልም፤ ስትጭን እጅህን ከሥሩ አስገባ፣ አከርካሪውን ከነካ አትቀመጥበት።

ገበያተኛ የማይነግርህ ደግሞ አለ። በአዊ ፈረስ ያርሳል፤ ሰኞ ሞፈር የጎተተው ነው ጥር ላይ ግላስ የሚለብሰው። በልባብ ሲመራ የከረመን ፈረስ በበዓሉ ዋዜማ ድንገት በቀለበት ልጓም ብታስረው ይደናገጣል። ቢያንስ ከጥምቀት በፊት ጀምረህ አለማምደው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለመዘከር ጭምር ነው፤ ውለታ የዋለልህን አፉን አድምተህ ሰልፍ ላይ ብታቆመው ምን የሚሉት ዝክር ነው?

የእንጅባራን የጥር ብርድ ታውቀዋለህ። ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፣ ብረቱ እንደ በረዶ ነው፣ ወጣቶቹ ያንኑ አንሥተው አፉ ውስጥ ይሰኩታል፤ ፈረሱ ጥርሱን ግጥም አድርጎ ትግል ይጀመራል። አንድ ሽማግሌ ግን አሉ፤ ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚጭኑት። ሌላው ሲታገል እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያያሉ፣ ብርድ የያዛቸው ይመስላል። አንድ ጧት ላግዝዎ ብዬ ልጓሙን ብጠይቃቸው ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ብብታቸው ውስጥ ነበር።