ለጨጓራ ባክቴሪያ ክትባት ለምን የለም? የደም ምርመራውስ ለምን ያሳስተናል?



"ዶክተር፣ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወሰድኩ፤ የደም ምርመራው ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው። ክትባት የለውም እንዴ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጥያቄው ሁለት ቢመስልም የመልሱ ሥር አንድ ነው።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነት ነው። የጨጓራ አሲድ ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ይሄኛው ግን አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርደዋል። ከዚያ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ይደበቃል። ግድግዳው ለዓመታት ይቆጣል። ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም፤ አንዳንዱ ግን ይቆስላል፣ ጥቂቱ ጋ ደግሞ ወደ ካንሰር ይሄዳል።

ድሮ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያዊው ዶክተር ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ታዲያ ክትባቱስ? ሰውነታችን አንቲቦዲ ያመርታል፤ ግን አንቲቦዲው በብዛት ያለው ደም ውስጥ ነው፣ ባክቴሪያው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ። ዘበኛው ግቢ ውስጥ ይዞራል፣ ሌባው አጥሩ ላይ ተቀምጧል! በሽታው ራሱ ያልሰጠንን መከላከያ ክትባት እንዲሰጠን ነው የምንጠይቀው። ቻይና ውስጥ ከ4,000 በላይ ልጆች ላይ የተሞከረ የሚጠጣ ክትባት (ውጤቱ በ2015 ወጣ) በመጀመሪያው ዓመት 72 በመቶ ገደማ ተከላክሏል፤ በኋላ ግን አቅሙ ቀነሰ።

አሁን ወደ ደም ምርመራው። እሱ የሚያየው አንቲቦዲውን ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ፦

✅ መዳናችሁን ለማወቅ የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ጠይቁ።
✅ ምርመራው መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ይሁን። ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ስለማቆም ሐኪማችሁን አማክሩ።
✅ "ተሻለኝ" ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ባክቴሪያው ይለምደዋል።
✅ በደም ምርመራ ብቻ ድጋሚ መድኃኒት አትጀምሩ።

⚠️ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለው ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ደጋግሞ መድኃኒት ለሚወስድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።