ተልባ፣ ኑግና ሰም በጊታር እንጨት ላይ

ጊታር አገራችን የሚገባው በአብዛኛው ከፋብሪካ፣ እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ተለብጦ ነው። ክራርና በገና ግን እዚሁ ይጠረባሉ። ሐዋሳ ላይ በእጁ ጊታር ወይም ክራር የሚሠራ ሰው እንጨቱን ጠርቦ፣ አጣብቆና አለስልሶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ምን ይቀባ? የሠፈር አናጢ መልሱ ቫርኒሽ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ከተማ የተሻለው ዘይት ነው። መርጫ ማሽንም ሆነ አቧራ የማይገባበት ክፍል አያስፈልገውም፤ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃዋል።

ዘይት ሁሉ ግን አይደርቅም። የሚደርቀው ዘይት እንደ ውኃ አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ተሳስሮ ይጠነክራል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ጥቁር ለስላሳ ገጽ የሚያወጣው በተመሳሳይ መተሳሰር ነው፤ እዚያ ሥራውን እሳት ያፋጥነዋል። የመድረቅ አቅም በአዮዲን ቁጥር ይለካል። የተልባ ዘይት ከ170 በላይ ነው፤ ኑግ 130 አካባቢ፤ የወይራ ዘይት 80 ገደማ። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለ የወይራ ወይም የፓልም ዘይት የተቀባ ጊታር ዕድሜ ልኩን እያጣበቀ ይኖራል፤ ውሎ አድሮም ይሸታል። ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ ነው፤ በሌላው ዓለም ለቀለም መሥሪያም ውሏል። ሆኖም ቀስ ብሎ ስለሚይዝ እጅ ሁልጊዜ ለሚንሸራተትበት አንገት አልመርጠውም። ምርጫዬ ተልባ ነው።

ተልባውም ሁለት ዓይነት ነው። ከዘሩ ተጨምቆ የሚወጣው ጥሬ ዘይት በስሱ ተቀብቶም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በቀለም ሱቅ «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው በአንድ ቀን ገደማ የሚይዘው እንደ ማንጋኒዝና ኮባልት ያሉ ማድረቂያዎች ስለሚጨመሩበት ነው፤ ስለዚህም አይበላም። ጥሬውን በጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማወፈርም የቆየ ዘዴ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ከ600 ዓመት በፊት ግድም ባዘጋጀው የሙያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ፀሐይ የሐዋሳን ሰው የሚቸግረው ነገር አይደለም።

በውጭ አገር ሠሪዎች ዘንድ የሚወደደው ከቻይና የመጣው የታንግ ዘይት ነው፤ ከተልባ ይልቅ ውኃ ይችላል፣ ቢጫነቱም ያነሰ ነው። ሙዚክ ማን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የጊታሮቹን አንገት በጠመንጃ ሰደፍ ዘይትና በሰም ያሻል፤ የጀርመኑ ዋርዊክ ደግሞ ቤዝ ጊታሮቹን በንብ ሰም በመወልወል ይታወቃል። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናትና ከዘይቱ በኋላ የሚመጣው ሰም ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም።

ዘይቱ የት ይቀባ የሚለው ግን ከዘይቱ ዓይነት ይበልጥ ያሳስበኛል። ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከተለበጠ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠርቷል፤ ድምፅን የሚወስነው የፊት ገበታው መሆኑን ለማሳየት። ያ ገበታ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ለስላሳ እንጨት ዘይት ሲጠጣ ይከብዳል፣ ንዝረቱንም ያፍናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠሪዎች አንገቱን፣ ጀርባውንና ጎኑን ዘይት ቀብተው ፊቱን ሼላክ የሚባል ልባጥ በስሱ ያለብሱታል። ለክራርና ለበገናም ያው ነው፤ ቀንበሩና ምሰሶዎቹ ይቀቡ፤ ቆዳው ጠርዝ ላይ ሲደረስ ግን ጨርቁ ደረቅ እስኪባል ድረስ ተጨምቆ መሆን አለበት። ዘይት የገባበት ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይደነዝዛል።

በሲዳማ ጓሮ ከእንሰትና ከቡናው መካከል የሚቆመው ዋንዛ ለዚህ ሥራ ያማረ እንጨት ነው። ዘይት ሲነካው ፈዛዛ ቡናማው ገጽ ሞቅ ይልና የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል መጀመሪያ ብዙ ዘይት ይጠጣል። ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነውና ከጓሮ የተገኘውን ወይም ከአሮጌ በርና ቁም ሣጥን የተረፈውን መፈለግ ይሻላል፤ የቆየው እንጨት ደርቆ የጨረሰ በመሆኑም ለጊታር ይመረጣል። ጽድ የራሱ መዓዛማ ዘይት ስላለው አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መሞከር ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ቁጥር 320 ይለሰልሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ የሚነሣው የእንጨቱ ክር ሲደርቅ እንደገና ይላጋል። ዘይቱ በስሱ ይቀባና ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ሁሉ ይጠረጋል። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ያልተጠረገ ዘይት ላዩ ሸፍኖ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀርና ይጨማደዳል። ይህ ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ይደገማል፤ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን። ክረምት ላይ እርጥበቱ ስለሚያጓትተው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ወቅት መምረጥ ያዋጣል። በመጨረሻም ሰም በስሱ ይታሻል። ቫርኒሽ ሲቧጠጥ ሙሉውን መላጥ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዘይት ግን የተጎዳችውን ቦታ ብቻ ልጎ መልሶ መቀባት ያስችላል።

የሚያሰጋው የተጠረገበት ጨርቅ ነው። ተልባ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጨማድዶ ጥግ የተጣለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊነድድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የገደለው የባለ 38 ፎቁ ሕንፃ ቃጠሎ የተነሣው ከእንዲህ ያለ ጨርቅ ነው። የሐዋሳ የእንጨት ሥራ ቤቶች ወለላቸው ፍቅፋቂና የእንጨት ዱቄት ነው። ጨርቁ ሽቦ ላይ ለብቻው ተዘርግቶ እስኪደርቅ ይቆይ፣ ወይም ውኃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ይግባ።