ሁለት ጣት ገመድ

የላፕቶፕ ቻርጀር አልሠራ ሲል ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ጥቁሩን ሳጥን ነው። ጥገና ቤት ሲወሰድ ግን ባለሙያው ሳጥኑን ከመንካቱ በፊት ገመዱን ከጫፉ አጠገብ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። የቻርጅ መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ነገሩ አለቀ፤ የተበላሸው ከጫፉ ሁለት ጣት የማይሞላ ገመድ ነው።

ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ከውጭ አንድ ይምሰል እንጂ ብዙ ጊዜ በውስጡ ሁለት መስመር ይዟል። መሃል ላይ ፕላስቲክ የለበሰ መዳብ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ፀጉር የሚያህሉ የመዳብ ክሮች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነውበታል። ሳጥኑ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 19 ወይም 20 ቮልት አውርዶ በእነዚህ ይልካል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ከ3 አምፒር በላይ ያልፍባቸዋል። ገመዱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የቀሩት ያንኑ ኮረንቲ ለብቻቸው ስለሚሸከሙ ይግላሉ፤ ግለቱ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ በመጨረሻም የውጭው ክር የውስጡን ይነካና ሾርት ያደርጋል። ደህና ቻርጀር ያን ጊዜ ራሱን ያጠፋል። ርካሹ ቅጂ ይህ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። በናስትሮ መጠቅለልም ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም፤ መፍትሔው የታመመውን ቆርጦ ጥሎ ጤነኛውን በካውያ መበየድ ነው።

ጫፉ ላይ ያለችው ጎድጎድ ያለች ጎማ ጌጥ አይደለችም። ሥራዋ እጥፋቱን ረዘም ባለ ርቀት ላይ ማከፋፈል ነው። አጭርና ደረቅ ከሆነች ግን ገመዱ እጠርዟ ላይ ይሰበራል። አፕል በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው፣ ጫፉ በማግኔት የሚጣበቅ ማግሴፍ የተባለ ቻርጀር የዚህ ዝነኛ ምሳሌ ነው። ማግኔቱ ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ገመዱ እግር ቢጠልፍ ላፕቶፑን ይዞ ከመውደቅ ይልቅ ይላቀቃል። ሆኖም ገመዱ ከጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እየተላጠ አሜሪካ ውስጥ ደንበኞች ኩባንያውን ከሰሱት፤ ጉዳዩም በ2011 በስምምነት ተቋጨ። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በአንዲት ጎማ መዋረዱ ይገርመኛል።

ዴል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በብዙዎቹ ክብ ጫፎቹ መሃል አንዲት ቀጭን መርፌ ትታያለች። እሷ ኃይል አታስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ ትነግራለች። ከተጣመመች ወይም ክሯ ከተበጠሰ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ባለቤቱም ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል።

ከግድግዳው ሶኬት ወደ ሳጥኑ የሚመጣው ወፍራም ገመድ ሲበላሽ አደጋው ይብሳል፤ የሚያልፍበት 220 ቮልት ነውና። ኤችፒ በ2014 ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ ተብለው ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ገመዶችን ከደንበኞች ለመሰብሰብ ጥሪ አድርጓል። ማይክሮሶፍትም በ2016 ለሰርፌስ ፕሮ ገመዶች ተመሳሳይ ጥሪ አቀረበ፤ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ሲጠመጠሙ ወይም ሲጣመሙ ሊግሉ መቻላቸው ነበር። ቻርጀሩን ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችን በፊት ሳጥኑ ላይ አጥብቀን የምንጠመጥም ሰዎች ስንቶች ነን? ላላ አድርጎ በክብ መጠቅለል ምንም አያስከፍልም።

አሁን ዩኤስቢ ሲ የድሮዎቹን ጫፎች እየተካ ነው። ከ2021 ወዲህ ደረጃው እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ አዳዲስ ላፕቶፖች በዚሁ እንዲሞሉ ያስገድዳል። ከሁለቱም ጫፍ የሚነቀል ገመድ ያለው ሲገኝ እሱን መምረጥ ይሻላል፤ ሲበጠስ ገመዱ ብቻ ይቀየራል፣ ሳጥኑ ይተርፋል። ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ግን በብዙዎቹ ላፕቶፖች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ቻርጀር እንደተሰካ ላፕቶፑን አልጋ ላይ ማገላበጥ ጉዳቱን ከገመዱ ወደ ቀዳዳው ያዛውረዋል፤ የእሱ ጥገና ደግሞ ከገመድ ዋጋ ብዙ ይበልጣል።