ስለ ችቦና ስለ ርችት

በአገራችን ደስታ የሚመጣው እሳት አስከትሎ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በቡሄ፣ በጳጉሜን መጨረሻ ምሽት በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ እንዲሁም መስከረም 16 ቀን በደመራ፣ በየቤቱ ደጃፍ ችቦ ሲበራ ይታያል። የመስቀል በዓላችንም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በሌላው አገር ሕዝብ ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ሆኗል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ርችት የሚባለው የባሩድ ብርሃን ከትላልቅ ከተሞች አልፎ ወደ ትናንሽ ከተሞች ገበያ እየዘለቀ ስለ ሆነ፣ ለበዓል እሳት የሚገዛ የቤት አባወራ ምን መርጦ ቢገዛ እንደሚሻለው ማመልከት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለዚህ ነገር ለማሰብ የአርሲ ደጋ፣ ይልቁንም የጢቾ አካባቢ፣ መልካም ምሳሌ ነው። አገሩ ገብስና ስንዴ አብቃይ፣ ከብትና ፈረስ አርቢ ነው። በየግቢው የሚታየው የጭድ ክምር ለከብት ሲሳይ ነው፤ የሣር ክዳን ያለው ቤትም አልጠፋም። የደጋው ነፋስ ደግሞ ሲነሣ ፍንጣሪን ከግቢ ወደ ግቢ ያሻግራል። ስለዚህ በአንድ ሰው ደስታ የተለኮሰ እሳት የጎረቤትን የዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላልና፣ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ችቦ እንናገር። ችቦ የሚገዛ ሰው መልኩን አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይስጥ፤ ከእስሩ አንዲት ጭራሮ መዝዞ ይስበራት። ደረቅ እንደሆነች ቀጭ ብላ ትሰበራለች፤ እርጥብ እንደሆነች ግን ትታጠፋለች፣ በነደደችም ጊዜ ጢሷ ይበዛል። ሁለተኛም እስሩን ይመልከት፤ ልጡ ከላይ እስከ ታች በብዙ ስፍራ ጠብቆ ያልታሰረ ችቦ እየነደደ ሲሄድ ይበተንና ፍሙ በያዘው ሰው እግር ላይ ይወድቃል። ሦስተኛም ቁመቱን ይመጥን፤ ለልጅ የሚገዛው ቀላልና ቀጭን፣ ነገር ግን እሳቱ ከፊቱ የሚርቅ ይሁን። ጽድንና ወይራን ለአንድ ምሽት ብርሃን ብሎ ከመቁረጥ ይልቅ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አድርቆ ማሰር ደናችንን ያተርፋል። አልነድ አለኝ ብሎ በችቦው ላይ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ማፍሰስ ግን ፈጽሞ የሚገባ ሥራ አይደለም፤ ነበልባሉ በቅጽበት ወደ አፍሳሹ እጅ ይመለሳልና።

ወደ ርችት እንመለስ። ርችት ከ1,000 ዓመት በላይ ቻይናዎች የሚያውቁት የባሩድ ጥበብ ነው። ባሩዱ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ ይቀመማል፤ ስትሮንሺየም የሚባለው ንጥረ ነገር ቀዩን፣ ባሪየም አረንጓዴውን፣ መዳብም ሰማያዊውን ቀለም ይሰጡታል። እንግዲህ ይህን የሚገዛ ሰው በእጁ የሚይዘው መጫወቻ ሳይሆን ባሩድ መሆኑን ይወቅ። በእጅ ተይዞ የሚፍለቀለቀው ትንሹ ርችት እንኳ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይኸውም ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ዐሥር እጥፍ ያህል ነውና ለሕፃን የሚሰጥ አይደለም።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ በአካባቢው የተፈቀደ መሆኑን ፖሊስን ይጠይቅ። ቢፈቀድም ወረቀቱ የተቀደደውን፣ እርጥበት የነካውን፣ መለኮሻ ክሩ የላላውን፣ የአጠቃቀሙ ጽሑፍም የማይነበበውን አይግዛ። ሰው በተሳፈረበት መኪና ይዞ አይጓዝ፤ በምድጃም አጠገብ አያስቀምጥ። ወደ ላይ የሚተኮሰው ዓይነት የት እንደሚወድቅ አይታወቅምና የጭድ ክምር ባለበት ግቢ ባይገባ ይሻላል። ተለኩሶ ሳይፈነዳ የቀረውንም ጎንበስ ብሎ ዳግመኛ መለኮስ ዓይንን ያሳጣልና፣ ርቆ ቆይቶ ውሃ ማልበስ ይገባል። ፍንዳታው በጋጣ ያለውን ፈረስና ላም፣ በቤት ያለውንም በሽተኛና ሽማግሌ እንደሚያስደነግጥ አይዘንጋ።

ሁለቱን ብናመዛዝን ለደጋው አባወራ ችቦ የተሻለ ሆኖ ይታየናል። ዋጋው በጎረቤቱ ኪስ ይቀራል፤ እሳቱም ከእጁ አይወጣም፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ይዘምራሉ። ርችት ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሰፊ ሜዳ ለሕዝብ ሁሉ ቢያሳየው የሚያምር ነው።

የተመረጠውም ማናቸውም ቢሆን፣ ከቤትና ከክምር ርቆ ይለኮስ፤ በባልዲ የተሞላ ውሃ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ አንድ ያልሰከረ ትልቅ ሰው ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቅ። ሰው የተቃጠለ እንደሆነ ቁስሉን ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳት ያበዛል፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት ቆይቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ።

አባቶቻችን ችቦን ያወረሱን ጨለማው ክረምት አልፎ ብርሃን መምጣቱን እንድናበስርበት ነው። እንግዲህ በበዓሉ ማግስት ልጆቻችን በጤና፣ የጎረቤታችንም ክምር በስፍራው እንዲገኝ አድርገን ብናበራ፣ ያን ጊዜ ደስታችን ሙሉ ይሆናል።