ያውቁ ኖሯል? የፓራፋንጎ ዘመድ የሆነው ግስ
«ፌንድ ኦፍ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጣን ጥቃት፣ ተፎካካሪን ወይም አስቸጋሪ ጥያቄን መክቶ መመለስ ማለት ነው። «ፌንድ» ከ«ዲፌንድ» ተቆርጦ የቀረ ቃል ነው፤ አሜሪካውያን ፓራፋንጎን «ፌንደር» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው። መመከት በሥሩ ውስጥ ካለ ታዲያ «ኦፍ» ትርፍ አይደለችም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። የቃሉ ታሪክ ይህን ሙግት ቢደግፍም የዛሬው አጠቃቀም ያፈርሰዋል፤ «ኦፍ» ወጥታ «ፎር» ስትገባ፣ «ፌንድ ፎር ዩርሰልፍ» ራስህን ቻል ማለት ይሆናል፤ የሚመከት ጠላት የለበትም። ስለዚህ ግሱን ከተከታዩ ነጥሎ ማጥናት ብዙም አያዋጣም። ተውላጠ ስም ሲኖር ደግሞ ቦታው መሐል ብቻ ነው፤ «ፌንድ ዜም ኦፍ» ይባላል እንጂ «ፌንድ ኦፍ ዜም» አይባልም።